ፋልማውዝ ላይ ከመርከብ ስትወርጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በሐምሌ ከጓደኞችሽ ጋር ከፍሎሪዳ ተነሥታችሁ ጃማይካ፣ ፋልማውዝ ወደብ ላይ እንደምትውሉ ትናንት ስትነግሪን፣ እናትሽ ስልኩ እንደተዘጋ «የሰዓቱን ነገር ጻፍላት» አለችኝ። በአፍ የተነገረ ምክር ስለሚረሳ ይህን ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ።

አንቺና ወንድምሽ በገዛችሁልን ቲኬት እዚያው ወደብ የወረድነው እኛም በአሜሪካ በጋ ነበር። ተሳፋሪ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3:30 ላይ መርከቡ ውስጥ መሆን ነበረበት። ዋተር ስኩዌር በሚባለው አደባባይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስልኬን ሳይ 2:20 ይላል፤ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ አለን ብዬ ሌላ መንገድ ልናይ ስንነሣ፣ እናትሽ የእጅ ሰዓቷን አይታ ደነገጠች። የእርሷ 3:20 ይል ነበር። ፍሎሪዳ በበጋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስትገፋ ጃማይካ ስለማትለውጥ በእነዚያ ወራት ከፍሎሪዳ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስልኬ ደሴቲቱ ላይ ስንወርድ ራሱን በአገሩ ሰዓት አስተካክሏል፤ መርከቡ ግን የሚጓዘው በተነሣበት አገር ሰዓት ነበር። እየሮጥን ስንደርስ መሰላሉን ሊያነሡ ተዘጋጅተው ነበር። እናትሽ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስለዚህ ከመውረድሽ በፊት የመርከቡ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ጠይቂ፤ ስልክሽን አትመኚ፤ ርካሽም ቢሆን በመርከቡ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት አድርጊ፤ ከተባለውም ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ተመለሺ።

ይህን ያልኩሽ ፈርተሽ ከወደቡ ግቢ እንዳትወጪ አይደለም። በግቢው ውስጥ ያሉት ሱቆች ለመርከብ እንግዳ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሌላም ወደብ ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ ከተማዋ ግን ከበሩ ወጣ እንዳልሽ ትጀምራለች፤ መሬቱም ሜዳ፣ መንገዶቹም ቀጥ ያሉ ስለሆኑ በእግር ለሚሄድ አይከብዱም። ፋልማውዝ እ.ኤ.አ. በ1769 የተቆረቆረች ናት፤ ያጌጡት አሮጌ ቤቶቿ በስኳር ንግድ ገንዘብ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ስኳሩ ደግሞ ከአፍሪካ በግድ ተግዘው በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት ውጤት ነበር። ዊሊያም ኒብ የሚባለው የባፕቲስት ሰባኪ ያገለገለው በዚህች ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1838፣ በነጻነታቸው ዋዜማ ሌሊት ምእመናኑ የባርነቱን ሰንሰለት፣ አለንጋውንና የአንገት ብረቱን በሬሳ ሣጥን አድርገው ቀበሩ፤ ሲነጋም ነጻ ሰዎች ነበሩ። በስሙ የተጠራውን ቤተ ክርስቲያን ሳታዪ አትመለሺ። እኔ እዚያ ቆሜ ዕንባዬን መግታት አልቻልኩም።

ስትሄጂ ከሁሉ በላይ ለመኪና ተጠንቀቂ። ጃማይካ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ አንቺ ግን አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ያደግሽው በቀኝ በሚነዳበት አገር ስለሆነ፣ መንገድ ልትሻገሪ ስትይ አንገትሽ ሳታስቢው መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞራል፤ መኪናው ደግሞ ከቀኝሽ ይመጣል። የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አልፎ አልፎ አስፋልቱ ላይ መውረድ ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታይሽ በቀኝ ዳር ሂጂ።

ከበሩ ውጪ «ላስጎብኝሽ፣ ልውሰድሽ» የሚሉ ሰዎች ይከቡሻል። አብዛኞቹ እንጀራቸውን የሚፈልጉ ናቸውና በፈገግታና በትሕትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ እለፊ፤ ታክሲ ካስፈለገሽ ቀይ ሰሌዳ ያለው መሆኑን አይተሽ፣ ዋጋውን ከመግባትሽ በፊት ተስማሚ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪ ደግሞ የሰው ፊት ሲበራ ታያለሽ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ዕለት ራስ ተፈሪያኖች ዛሬም ያከብሩታል፤ እምነታቸውን ባትጋሪያቸውም በአክብሮት አዳምጫቸው፤ አትከራከሪያቸው። ጋንጃ ስጦታ ነው ብሎ የሚሰጥሽ ቢኖር ግን በጨዋነት እምቢ በዪ፤ በአገሩ ሕግ ለጥቂቱ ቅጣቱ ቢቀልም መርከቡ ላይ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስም አትልበሺ፤ እዚያ አገር ለሲቪል ሰው ሕገ ወጥ ነው።

የመርከቡን ካርድና ፎቶሽ ያለበት መታወቂያ ያዢ፤ ፓስፖርትሽን ኮፒ አድርገሽ ዋናውን ካቢንሽ ውስጥ ቆልፊበት። ወርቅሽን ቤት ተዪው። ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ውኃና ባርኔጣ አይለይሽ፤ ከጓደኞችሽም አትነጠዪ። ድንገት ፖሊስ ብትፈልጊ ቁጥሩ 119፣ አምቡላንስ ደግሞ 110 ነው፤ 911 የለመደ እጅ እንዳያሳስትሽ ከወዲሁ ወረቀት ላይ ጻፊው።

መርከቡ ውስጥ ስትገቢ አንዲት መልእክት ላኪልን። እኛ ሜሪላንድ ስለሆንን፣ መርከባችሁ በፍሎሪዳ ሰዓት የሚጓዝ ከሆነ የእናትሽ ሰዓትና የመርከባችሁ ሰዓት አንድ ነው፤ የመመለሻ ሰዓታችሁን ከነገርሻት ከዚያ አንድ ሰዓት አስቀድማ ስልኩን ይዛ ትቀመጣለች።

የሚወድሽ አባትሽ