ይድረስ ለክራሩ ወንድሜ፣ ዳላስ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አርባ ምንጭ ነን። ሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል፣ የባንዱ ልጆች ተኝተዋል፣ እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

መጀመሪያ ይቅርታ። እማማ ሲያርፉ ጂንካ ነበርኩ። ለቀብራቸው አልደረስኩም፣ ለአርባቸውም አልደረስኩም። አንተ በሰው አገር ሆነህ ባንተ ቦታ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ በጠራ ቁጥር ምን ብዬ ላንሳ እያልኩ 1 ዓመት ከ4 ወር ሄደ። የቀረውን በአካል ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ እዚህ ላይ ከቆየሁ የተነሳሁበትን ጉዳይ ሳልነግርህ ይነጋል።

ጉዳዩ የሾፌራችን የጋሼ ዓይን ነው።

የፊት ወንበሯ፣ አንተ ገና ቡታጅራ ሳንደርስ አፍህን ከፍተህ የምትተኛባት፣ አሁን የኔ ሆናለች። ጋሼ ናቸው ጠርተው ያስቀመጡኝ። «ና አጫውተኝ፣ እነዚህ ልጆች ጆሯቸውን ደፍነው ነው የሚሄዱት» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከሆሳዕና በኋላ ግን ጨዋታው ሌላ መሆኑ ገባኝ። «ያ ምንድነው፣ ጋሪ ነው?» ይላሉ። «የቆመ ነው የሚሄድ?» ይላሉ። ቀን ቀን አይጠይቁም። ሲመሽ፣ ከፊት መብራት ሲመጣ ነው።

ማክሰኞ ከሶዶ የወጣነው ዘግይተን ነው። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት ቆምን። ምዕራብ አባያን ሳናልፍ ጨለመ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ በግራ ሐይቁ፣ በቀኝ ሙዙ፣ ከብቱ ወደ ቤቱ የሚገባው በአስፋልቱ ነው። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ተበላሽቶ መሃል መንገድ ቆሟል። መብራት የለውም። ረዳቱ ከኋላው የሙዝ ቅጠል እየቆረጠ አስፋልቱ ላይ ደርድሯል። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ ስንደርስ ፍሬን ይይዛሉ ብዬ ጠበቅሁ። አለፍነው። ሁለተኛውንም አለፍነው። ከፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራቱን አልቀነሰምና በዚያ ብርሃን የጋሼን ፊት አየሁት። ዓይናቸው ተገልጧል፣ የሚያየው ነገር ግን የለም።

«ጋሼ መኪና!» ብዬ ጮህኩ። ፍሬኑን ረገጡት። ሞንታርቦው ከኋላ ተንሸራቶ የድራመሩን እግር መታው። ስንቆም በኛና በአይሱዙው ስፖንዳ መሃል የቀረው ክንድ አይሞላም ነበር። የሙዙ ሽታ በመስኮት ገባ። ማንም አልተናገረም።

ጋሼ ወረዱ። በሃይላንድ ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ደግመው ታጠቡ፣ በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ ጠረጉ። ተመልሰው ገቡና «አቧራ ነው» አሉኝ። ዝናቡ ካባራ እኮ ገና ሁለት ሰዓት አልሆነውም! ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ለምን ዘገያችሁ ሲል «ጎማ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

በነጋታው ሴቻ ላይ፣ ቁልቁል ሐይቆቹ ከሚታዩበት በረንዳ ቡና እየጠጣን ነው። ጋሼ ለአዲስ ልጅ ሁሉ የሚሰጧትን ትምህርት ታስታውሳለህ፤ ቀዩ አባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። ዘንድሮ የገባችው ተወዛዋዥ «ጋሼ፣ አባያ የቱ ነው?» አለቻቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ዛሬ ጉም ነው ልጄ፣ ነገ አሳይሻለሁ» አሏት። ልጅቱ ሐይቁን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም አለች።

ወዲያው እማማ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ምኒልክ ሆስፒታል ሳንወስዳቸው በፊት «ቤቱን ጢስ ሞላው» ይሉ አልነበር? ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው ሲለን አንተ አለቀስክ። ዓይናቸውን ብቻ አደንዝዘው፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሌላ ተክተውላቸው በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የመጀመሪያ ቃላቸው «ነጠላዬ እንዲህ ቆሽሾ ነው ሰው መሃል የተቀመጥኩት?» ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳዊታቸውን ራሳቸው ደገሙ። ይህን ሳስብ ጋሼም ይድናሉ እላለሁ። ግን ያኔ እዚያው ግላኮማ ይዞት አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ሲሉት ሰምተናል። የጋሼ የትኛው እንደሆነ ሐኪም ካላየው ማን ያውቃል? የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ብናገር በዚያው ቀን ሌላ ሾፌር ይመጣል። ጋሼ ከዚህች አባዱላ ሌላ ምን አላቸው? የመጨረሻ ልጃቸው ገና ኮሌጅ ነች። ዝም ብል ደግሞ ስድስት ነፍስ ነን። ዛሬ ጠዋት እንደምንም ቆርጬ ላናግራቸው ወረድኩ። ጎማ ሲፈትሹ አገኘኋቸው፣ አጎንብሰው በጣታቸው እየዳበሱ። ድሮ ቆመው አንዴ በዓይናቸው አይተው ነበር የሚያልፉት። አፌን ከፈትኩና «ደህና አደሩ ጋሼ» ብዬ ተመለስኩ። ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው፤ አፍሬያለሁ።

ስለሌላው ብዙ የምለው የለም። ትናንት ጨንቻ ወጥተን ለዮ ማስቃላ፣ ለጋሞዎች የመስቀል በዓል፣ ሠራን። ሕዝቡ ከኛ በላይ ነው የጨፈረው። ጉሙ ሳይወርድ እንውረድ ብዬ ለምኜ በቀን ወረድን። ክራሩን አሁን የሚመታው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ትዝታ ላይ ግን አንተን አይሆንም።

አሁን ልለምንህ። ደውልላቸው። ከሁላችን የሚሰሙት አንተን ነው። ደግሞ አንተም መሪ ይዘሃል፤ ተሳቢህ አጠገብ የተነሳኸውን ፎቶ አይተናል፣ ጋሼ «ይቺ ድንክ ከላይ በምን ወጣች?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት። እዚያ ቢበዛ በየ2 ዓመቱ ዓይናችሁ ሳይመረመር እንደማያስነዷችሁ ንገራቸው። ስመረመር እርስዎ ትዝ አሉኝ በላቸው። ከኔ እንደሰማህ አትንገራቸው። አይ፣ ንገራቸው። በኋላ ከሌላ ሰምተው ከሚቀየሙኝ አሁኑኑ ከኔ መሆኑን ይወቁት። አዲስ አበባ እንደገባን ምኒልክ የምወስዳቸው እኔ ነኝ፣ ወረፋውንም እኔ እይዛለሁ፣ በላቸው። የእማማን ጊዜ መንገዱን ተምረነዋል።

ቅዳሜ ጂንካ እንሠራለን። ነገ ማታ እዚህ ጨርሰን በዚያው ሌሊት እንድንነሳ ነው የታሰበው። ኮንሶን አልፎ ወደ ወይጦ የሚወርደውን ቁልቁለት በጨለማ አስበው። ሆዴን አሞኛል፣ ሳይነጋ አልነሳም ብያለሁ። ለዚህኛው ሌሊት ይበቃኛል፣ ለሚቀጥለው ግን ምን እንደምል አላውቅም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደውል፣ ባንተ ማታ 5 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ብቻቸውን መኪናው ጋ ናቸው። ማን እንደደወለ ለማየት ስልኩን ሲያርቁት ሲያቀርቡት ብዙ ይጠራል። ቶሎ አትዝጋው።

ወንድምህ