ስለዚያች ቀይ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል ነው፤ ዓይንሽ ከእኔ እንደሚሻል ባለፈው እሑድ አሳይተሽኛል። ሰባት ወር የለፋሁበትን ፎቶ በስልክ ልኬልሽ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ከላይ ያለችው ቀይ አበባ ከሌሎቹ ጋር አልተቀመጠችም» አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን በትልቁ ከፍቼ ሳየው ግን ልክ ነሽ። አበባዋ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለች ትመስላለች።

ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ልጅ ሳለሁ ከመጽሐፍ ላይ ታሳዪኝ የነበረውን የራሄል ሩይሽን የአበባ ሥዕል ታስታውሻለሽ አይደል? ያኔ የነገርሽኝ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ የሆላንድ ሠዓሊዎች በአንድ ማስቀመጫ የሚሰበስቧቸው አበቦች በእውነቱ ዓለም አብረው አያብቡም። ቱሊፑ ሲረግፍ ጽጌረዳው ገና እንቡጥ ነው። ሠዓሊዎቹ እያንዳንዱን በወቅቱ እየነደፉ ያስቀምጡና ኋላ ሸራው ላይ ያገናኟቸዋል።

እኔም ያንኑ በካሜራ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። አበቦቹ ዐሥራ አንድ ናቸው። ጠረጴዛውም ማስቀመጫውም ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የትራይፖዱ እግሮች የሚያርፉበትን ወለል በፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ። ብርሃኑ ፀሐይ በቀጥታ ከማይገባበት ከግራው መስኮት ብቻ ነው። አንዱ አበባ ሲያብብ እሱን ብቻ አነሳለሁ፣ ከዚያ ቀጣዩን እጠብቃለሁ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር ላይ አገጣጥማቸዋለሁ። «ፎቶ ምን ሥራ አለው፣ ጠቅ ማድረግ አይደል?» ትይኝ የለ!

ከሁሉ የከበደኝ ጥላው ነው። አንቺ ባዶ ሸራ ላይ የፈለግሽውን ትጨምሪያለሽ። ካሜራ ግን ፊቱ ያለውን ሁሉ ያግበሰብሳል፤ ስለዚህ የእኔ ሥራ ብዙውን ጊዜ መቀነስ ነው። በቀኝ በኩል ጥቁር ካርቶን አቆማለሁ፤ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይውጠውና የአበባው ጎን እንደ አሮጌ ሥዕል ወደ ጨለማ ይገባል። ያቺን ቀይ አበባ ያነሳሁ ዕለት ታዲያ ለሌላ ሥራ ያቆምኩትን ነጭ ካርቶን ሳላነሳው ቀረሁ። ጥላ መሆን የነበረበት ጎኗ በራ። ስሕተቱ ይኸው ነው፣ የራሴው ዝንጉነት። በኮምፒውተር ላጨልመው ሞክሬ ነበር፤ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ።

ደግሞ «ቆራርጠሽ መቀጠል ማታለል ነው» ብለሽ እንዳትጀምሪኝ። ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ገና በ1858 በሞት አፋፍ ላይ ያለች ልጅን ቤተሰቦቿ ከበዋት የሚያሳይ ፎቶ ለየብቻ ከተነሱ አምስት ኔጌቲቮች (ፎቶ ከሚታተምባቸው ምስሎች) ገጣጥሞ ሠርቷል። አንዳንዱ ተመልካች ይህን የመሰለ ሐዘን በፎቶ ማሳየት ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። በቀለም ቢሣል ኖሮ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር እላለሁ እኔ።

ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ ነግረሽኛል። ብሩሽ አንሺ ብዬ አልጨቀጭቅሽም፤ አምና ሞክሬ የተቀበልኩትን ስድብ አልረሳሁም። ግን ሁለት ሴቶች ከሐሳቤ አልጠፋ ብለውኛል። አንዷ ራሷ ሩይሽ ናት፤ ዐሥር ልጆች ወልዳ፣ በ1747 በ83 ዓመቷም ትሥል ነበር፣ ዕድሜዋንም ከስሟ ጋር ሸራው ላይ ጽፋዋለች። ሌላዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በ1863፣ በ48 ዓመቷ፣ የመጀመሪያዋን ካሜራ የሰጠቻት ልጇ ነች፤ ብቻዋን ስትሆን እንድትጫወትበት ብላ። እሷም እንደ ጣሊያን ሠዓሊዎች ማርያምን ከነልጇ የሚያስመስሉ ፎቶዎች አነሳችበት። ምስሎቿ ለስለስ፣ ደብዘዝ ያሉ ነበሩ፤ ተቺዎች አልቻለችበትም አሉ። እሷ ግን ትክክለኛው ፎከስ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው ብላ እንደዚያው ቀጠለች።

ካሜራ ግን አልላክሁልሽም፤ አትደንግጪ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምታገኚው የዚያን ፎቶ አራት ትልልቅ ሕትመቶች ነው። አበባዋ እንደገና እስክታብብ ወራት አሉኝ። እስከዚያው ጥላው ከየት ጀምሮ የት ማለቅ እንዳለበት ሕትመቱ ላይ አስምሪልኝ። መስመሩ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም፣ እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው። አንዱን ብታበላሺ ሦስት ይቀርሻል። ማስቀመጫውንም ጠጋ ብለሽ እዪው፤ የመስኮቱ ምስል የማስቀመጫው መስተዋት ላይ ባረፈበት ቦታ ካሜራውን ይዤ በጣም ትንሽ ሆኜ ቆሜያለሁ። ክላራ ፒተርስ በሥዕሎቿ ውስጥ ባሉት ዋንጫዎች ላይ የራሷን መልክ እንደደበቀችው ዓይነት ነው። እሱን አትንኪብኝ።

ነጩ እርሳስ ፖስታው ውስጥ ነው፣ ጫፉን ቀርጬዋለሁ።

ልጅሽ