ልጅቷ የያዘችው ዜማውን ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። ልጆች አራተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ አቃታቸው እየተባለ ሁሌ ይወራል። አንዱ ስልኩን ይከሳል፣ ሌላው መምህሩን። እኔም የማውቀውን ልበል።

የልጄ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ እኛ ቤት መጥታ ሀሁን እስከ ፐ ድረስ አንድም ሳትስት ወረደችው። እናቷ አጨበጨበች። እኔ ግን የመምህርነት አመል አልለቅ ብሎኝ ገበታው ላይ «ቤ»ን ብቻ ጠቆምኳት። ጣቷን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰችና «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ… ቤ!» ብላ ደረሰችባት። ቀጥዬ ያችኑ ቤ ባዶ ወረቀት ላይ ለብቻዋ ጻፍኩላት። ዝም አለች።

ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ናት፣ ሰርተፊኬቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤቷን ስም አልጠራም፣ ብቻውንም አይደለም። እዚያ ጠዋት ጠዋት ፎኒክስ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ድምፅ በዘፈን ያስጠኗታል፣ ወላጅም ለዚህ ሲል ተጨማሪ ይከፍላል። ፎኒክሱን አልጠላም፤ እንዲያውም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ፊደሉን ከድምፁ፣ ድምፁን ከቃሉ ያገናኛል። የሚገርመኝ አንዱ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ለሚነበብበት ለእንግሊዝኛው ይህ ሁሉ ሲለፋለት፣ አንዱ ፊደል ባብዛኛው አንድ ድምፅ ላለው ለራሳችን ዜማው ይበቃል መባሉ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ» ሲል የማያውቀውም አብሮ አፉን እንደሚከፍት ስንት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ።

የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እነሱ ዘንድ ነው፣ በስንጥር እየጠቆምኩ። ሀሁን ጨርሼ አወቅሁ ስል የኔታ አቡጊዳን አመጡብኝ። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ»፣ ቀጥሎ «በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ»። ዜማዬ ጠፋ! ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከዚያ ሣልስ እያለ በየፊደሉ ይዘላል፤ ዓይን ካላየ አፍ ብቻውን አይደርስበትም። (እርግጥ አቡጊዳንም በቃሉ የሸመደደ ጓደኛ ነበረኝ። ለእሱ ደግሞ የየኔታ አለንጋ ነበረችለት፤ እሷ እንኳ ትቅር።)

ለልጅቷ ምን አደረግሁ? ከ231ዱ ፊደል አምስቱን ብቻ መረጥኩ፤ በ፣ ባ፣ ላ፣ ቤ፣ ት። የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ እየጻፍኩ ለጠፍኩላት። ጎን ለጎን ስታደርጋቸው «ላባ»፣ ስትገለብጠው «ባላ»፣ አንዱን ስትቀይር «በላ» ሆነ። «ቤት» ላይ ተቸገረች፤ «ቤ… ት…» እያለች ትለያየዋለች፤ ሳድስ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ ቶሎ ካልተገጠመ ቃል አይሆንም። ወረቀትና ቆርኪ ሳንነካም በአፍ ብቻ እንጫወታለን። ሰላም ላይ ሰን ብታነሺ? «ላም!» አባት ላይ አን ብታነሺ? «ባት!» ብላ የራሷን ባት ይዛ ሳቀች። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት እንደሚያስር፣ ሰ አናቱ ላይ ሰረዝ ሲጨመርበት ሸ፣ ተም ቸ እንደሚሆን ራሷ ደረሰችበት። እንደ ረና ፈ ያሉት አመለኞች ናቸው፣ ለብቻ ተያዙ።

መምህራኑን መውቀሴ አይደለም፣ ሰባ ልጅ ይዞ ቆርኪ መደርደር ከባድ ነው። ግን የተደባለቀ ገበታ በካርቶን ጽፎ መስቀል ከጠመኔና ከአንድ ማርከር በላይ አይጠይቅም። እናንተም በልጆች ዓምዳችሁ ላይ ሀሁን በተርታ ከምታወጡት አንዳንዴ ደባልቃችሁ ብታወጡት ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።

ልጅቷ አሁን መንገድ ላይ ያየችውን ሰሌዳ ሁሉ ታነባለች። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ አንዱ ሕንፃ ላይ «ዋና መሥሪያ ቤት» የሚለውን አነበበችና «አባባ፣ እዚህ ውስጥ ይዋኛል እንዴ?» አለችኝ። ዋናን አላልታ አንብባው ነው። የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይ ምልክት ፊደላችን ላይ የለም፣ ስለዚህ እሷ ምንም አልተሳሳተችም።

ጡረተኛው መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ