የአሜሪካ ክለቦች ደጋፊ የሚያጡት በጨዋታ ጥራት ብቻ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ አሜሪካ እግር ኳስ በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው፣ አሜሪካውያን የኳስ አፍቃሪዎች የከተማቸውን ክለብ ትተው ቅዳሜና እሑድ ማለዳ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተሉት የራሳቸው ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሶከር፣ ደካማ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾችን ባስፈረመ ቁጥር ደጋፊው በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። እኔ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት የኖርኩና የከተማው ክለብ የዲሲ ዩናይትድ ደጋፊ የሆንኩ ኢትዮጵያዊ ነኝ። በመደምደሚያቸው ስለማልስማማ ምክንያቴን በዚህ ደብዳቤ ለማስረዳት እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ አሜሪካውያን ከሬክስሃም ጋር ባልተዋደዱ ነበር። ሁለቱ የፊልም ተዋንያን ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ በ2021 ይህን የዌልስ ክለብ ሲረከቡ ቡድኑ የሚጫወተው በእንግሊዝ እግር ኳስ አምስተኛ እርከን ላይ ነበር። በዚያ እርከን ያለ ቡድን ከሲያትል ወይም ከሎስ አንጀለስ ክለቦች የተሻለ ኳስ ያሳያል ብሎ የሚከራከር ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ሆኖም ቀድሞ የክለቡን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ አሜሪካውያን ማልያውን ገዝተው ለበሱ፤ ቡድኑ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወደ ላይኛው እርከን ሲያድግም እንደ ራሳቸው ድል ቆጠሩት። እነዚህን ሰዎች የሳባቸው አንዲት የሠራተኞች ከተማና አንድ አሮጌ ቡድን አብረው ሲወድቁና አብረው ሲነሡ ማየታቸው ነው።

ኮከብ ተጫዋች የማምጣቱ ሐሳብም አዲስ አይደለም። ኒው ዮርክ ኮስሞስ በ1975 ፔሌን፣ በ1977 ደግሞ ጀርመናዊውን ቤከንባወርን አስፈርሞ፣ በዚያው በ1977 ክረምት ለአንድ ጨዋታ ብቻ ከ77 ሺህ በላይ ተመልካች በጃያንትስ ስታዲየም ሰብስቦ ነበር። ፔሌ በዚሁ ዓመት ጫማውን ሰቀለ፤ ክለቡ የነበረበት ሊግ ደግሞ ከ1984 የውድድር ዘመን በኋላ ፈረሰ። ሊዮኔል ሜሲ በ2023 ኢንተር ማያሚን ከተቀላቀለ ወዲህ ያየነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። በሚያዝያ 2024 ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ማያሚን ያስተናገደው ከ20 ሺህ ያነሰ ሰው በሚይዘው በራሱ ሜዳ ሳይሆን የአሜሪካን ፉትቦል የተባለው ሌላ ስፖርት በሚደረግበት በአሮውሄድ ስታዲየም ሲሆን፣ የገባው ተመልካች ከ72 ሺህ በላይ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ለካንሳስ ሲቲ ብሎ የመጣ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ስታዲየም በሚቀጥለው ሳምንትም ባስፈለገ ነበር። ሜሲን ለማየት የሄደውን ሰው አልወቅስም፤ በዘመናችን እንደ እርሱ ያለ ተጫዋች በቅርብ ማየት ዕድል ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰው የመጣ ተመልካች ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ደጋፊው ለምን አልተተከለም ብለን ከጠየቅን፣ ከተጫዋቾቹ በፊት የሊጉን አወቃቀር መመርመር ይኖርብናል። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 በ10 ክለቦች ጀምሮ በ2025 ሠላሳ ክለቦች ደርሷል። ይህ ትልቅ ዕድገት ነው። ሆኖም ሊጉ ዝግ ነው፤ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ቡድን አይወርድም፣ ከታች ያለ ቡድንም በሜዳ ውጤቱ አያድግም፣ መግቢያው ገንዘብ ነው። በእኛም አገር ሆነ በእንግሊዝ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሳምንታት ከወራጅ ቀጠናው ለመውጣት የሚደረገው ትንቅንቅ ከሻምፒዮናው ፉክክር ባልተናነሰ ሕዝብን ከመቀመጫው ያስነሣል። በአሜሪካ ግን በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ የቀረ ቡድን ደጋፊ ከነሐሴ በኋላ የሚፈራውም የሚጓጓለትም ነገር አይቀርለትም። ክለቡን በሙሉ ነፍሱ የሚደግፍ ሰው ደግሞ ጭንቀቱንም ይፈልገዋል።

ከዚህ የከፋው ክለቦቹ ራሳቸው ከከተማ ወደ ከተማ መነሣታቸው ነው። የማያሚና የታምፓ ቤይ ክለቦች ከ2001 የውድድር ዘመን በኋላ ተዘጉ። በ2005 መጨረሻ ላይ የሳን ሆዜ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች በአንድነት ወደ ሂዩስተን ተወሰዱ፤ በአዲሱ ከተማም በ2006 እና በ2007 ዋንጫ አነሡ። በሳን ሆዜ የቀረው ደጋፊ ለዓመታት ሲዘምርላቸው የነበሩ ልጆች በሌላ ከተማ ማልያ ዋንጫ ሲያነሡ በቴሌቪዥን ተመለከተ። ለዚህ ሰው ለምን ለአገርህ ክለብ ታማኝ አልሆንክም ብሎ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ ታማኝነቱን ያላከበረው ክለቡ ነውና።

የኮሎምበስን ነገር በዝርዝር ማንሣት የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሎምበስ ክሩ ሊጉን ከመሠረቱት 10 ክለቦች አንዱ ሲሆን፣ በ1999 የከፈተው ስታዲየም በሊጉ ታሪክ ለእግር ኳስ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ነበር። በጥቅምት 2017 የክለቡ ባለቤት አንቶኒ ፕሪኮርት በመሐል ከተማ አዲስ ስታዲየም ካልተገኘ ቡድኑን ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ኦስቲን እንደሚወስዱ ታወቀ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። የኮሎምበስ ደጋፊዎች ግን ማልያቸውን አጥፈው አላስቀመጡም። በየሱቁና በየቤቱ ደጃፍ ክሩን እናድን የሚል ጽሑፍ ሰቀሉ፤ ነጋዴዎችን አስተባበሩ፤ ለከተማው ምክር ቤትና ለክልሉ ባለሥልጣናት አቤት አሉ። ኮሎምበስ የምትገኝበት የኦሃዮ ግዛት ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት የክሊቭላንድ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ከተማውን ጥሎ ሲሄድ ያወጣው ሕግ ነበር፤ በሕዝብ ገንዘብ የተደገፈ ቡድን ከመሄዱ በፊት የስድስት ወር ማስታወቂያ እንዲሰጥና የአካባቢው ሰዎች የመግዛት ዕድል እንዲያገኙ የሚያስገድድ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በ2018 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግና የከተማው አስተዳደር ክስ መሠረቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሃስላም ቤተሰብና የቡድኑ ሐኪም የነበሩት የዶክተር ኤድዋርድስ ቤተሰብ ክለቡን ለመግዛት ቀረቡ፤ ቡድኑም ከከተማው ሳይወጣ ቀረ። በ2020 ሲያትልን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ አነሣ፤ በ2021 አዲስ ስታዲየም ገባ፤ በ2023 ደግሞ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር የምለያየው። በኮሎምበስ የሚኖር የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ክለቡን ሲገዛ ማዘን ይችል ነበር፤ ከማዘን ያለፈ ግን ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ያው ሰው የክሩ ደጋፊ ሆኖ በ2018 የክለቡን ዕጣ ቀይሯል። በሩቅ ያለ ደጋፊ ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ሲሸነፉ የሚያመው ሕመምም እውነተኛ ነው። ሆኖም ክለቡ ለእርሱ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የቅርቡ ደጋፊ ዘንድ ያለው ኃይል በሩቁ ዘንድ የለም፤ የአሜሪካን ሊግ የሚያሳድገውም በየስታዲየሙ የሚሰበሰበው ይህ ኃይል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል የውጭ ክለብ መደገፍን እንደ ክህደት የሚቆጥሩትን አልደግፍም። በ2013 የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታዎች በሙሉ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ በዚህ በምሥራቁ ጠረፍ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኳስ ማየት የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆነ፤ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ያደጉበት ልማድ ነው። በሎስ አንጀለስ የሚኖር ሜክሲኳዊ የጓዳላሃራን ክለብ ሲደግፍ ደግሞ የአያቱን ክለብ እየደገፈ ነው፤ ውጭ አገር የሚለው አነጋገር ለእርሱ አይሠራም። አርሰናልን ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣን እኛም እንደዚያው ነን። የአርሰናል ባለቤት ስታን ክሮንኬ የኮሎራዶ ራፒድስም ባለቤት መሆናቸውን ላስታውስና ልለፍ፤ በዴንቨር የሚኖር የአርሰናል ደጋፊ የሁለቱንም ክለቦች ትኬት ቢገዛ ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ ቤት ነው።

የእኔ ቅሬታ የቅርቡን ፈጽሞ መርሳታችን ላይ ነው፤ ቅሬታዬም ከሁሉ በፊት የሚመለከተው የራሳችንን ማኅበረሰብ ነው። ዲሲ ዩናይትድ በ1996 በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ማርኮ ኤቼቬሪና ሃይሜ ሞሬኖ የተባሉ ሁለት የቦሊቪያ ተጫዋቾች፣ እንዲሁም የኤል ሳልቫዶሩ ራውል ዲያስ አርሴ ነበሩበት። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ቦሊቪያውያን ተሰባስበው ባራ ብራቫ የተባለውን የደጋፊዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሳልቫዶራውያንና ሌሎችም ተቀላቀሏቸው። በአሮጌው አር ኤፍ ኬ ስታዲየም እነርሱ በሚቆሙበት ወገን ያለው መቀመጫ ተነቃናቂ ነበርና፣ ከበሮው ሲመታና ሁሉም በአንድነት ሲዘል መደዳው እንዳለ ከሥራቸው ይወዛወዝ ነበር፤ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ሰው በዓይኑ ይለየዋል። ክለቡ በ1996፣ በ1997፣ በ1999 እና በ2004 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ በ1998 ደግሞ የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ ሻምፒዮን ሲሆን፣ እነዚህ ስደተኞች ክለቡን የራሳቸው አድርገውት ነበር። በ2018 ቡድኑ ወደ አዲሱ ስታዲየሙ ወደ ኦዲ ፊልድ ሲዛወር ከበሮው ተከትሎት ሄደ።

እኛስ? በዚህ አካባቢ ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ማኅበረሰቦች አንዱ የእኛው ነው። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ካፌዎቻችን ቅዳሜ ማለዳ ቦታ አይገኝም። በዚያው ቀን ማታ በኦዲ ፊልድ ግን አማርኛ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው።

ይህ መራራቅ ጎልቶ የታየኝ በጌዲዮን ዘላለም ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በበርሊን የተወለደውና በሜሪላንድ ያደገው ይህ ልጅ በ2013 አርሰናልን ሲቀላቀል፣ በጥር 2014 ደግሞ በእንግሊዙ ኤፍ ኤ ካፕ ውድድር ከኮቨንትሪ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ፣ በየካፌው ስሙ ይነሣ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ የእኛ ልጅ እያሉ ይኮሩበት ነበር። በ2019 ወደ አሜሪካ ተመልሶ መጀመሪያ በስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ፣ በኋላም በኒው ዮርክ ሲቲ ማልያ ሲጫወት ግን እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ልጁ ያው ልጅ ነበር፤ ይልቁንም ወደ እኛ ቀርቦ ነበር። ከእርሱ በፊት በድሬዳዋ የተወለደው ፉአድ ኢብራሂም ለዳላስና ለቶሮንቶ ሲጫወትም ብዙዎቻችን አላወቅንም፤ ያወቅነው በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ከብሔራዊ ቡድናችን ጋር በተመለከትነው ጊዜ ነው።

ስታዲየም የመሄድ ልማድ የለንም የሚል ካለ፣ በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ የሚያዘጋጀውን ውድድር ይመልከት፤ ሕዝባችን ከየግዛቱ በአውሮፕላንና በመኪና ተጉዞ ሜዳ ይሞላል። ችሎታውም ፍቅሩም አለን።

የሊጉን መሪዎች ጥፋትም ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ከ1914 ጀምሮ የሚካሄደው የዩ ኤስ ኦፕን ካፕ አነስተኛ ክለቦች ከትልልቆቹ ጋር የሚገናኙበት ብቸኛው መድረክ ሆኖ ሳለ፣ ሊጉ በታኅሣሥ 2023 ዋና ቡድኖቹን ከውድድሩ ለማውጣት ወስኖ ነበር፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ቢቃወምም በ2024 የተሳተፉት የሊጉ ዋና ቡድኖች ስምንት ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ እንዲህ ሲቃለል እያየ ደጋፊው ለአገሩ እግር ኳስ ክብር እንዲሰጥ መጠበቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ይህን የሚናገር ደጋፊ ግን በቁጥር መብዛት አለበት፤ የሚበዛውም በስታዲየም ውስጥ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳምንቱ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ውጤትና የደረጃ ሰንጠረዥ በምታወጡበት ገጽ ላይ የዲሲ ዩናይትድንና በዚያው ሜዳ የሚጫወተውን፣ በ2021 የሊጉ ሻምፒዮን የሆነውን የሴቶቹን የዋሽንግተን ስፒሪትን ውጤትና የሚቀጥለውን ጨዋታ ቀን ብታክሉልን፣ በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችሁም የሲያትልን፣ የአትላንታን፣ የዳላስንና የሚኒሶታን ክለቦች እንዲሁ ብታስታውሱልን እጅግ ደስ ይለናል። ለእያንዳንዱ ክለብ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ