«ቀሪ» የምንላት ውሻ

ክቡር አዘጋጅ፣

«ባለቤት አልባ ውሾች» የሚለው አባባል በዜናም በስብሰባም ሲደጋገም እሰማለሁ። አይጥመኝም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንችስ ሲፈርስ ከእኛ መንደር ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ፍራሹ፣ ምጣዱ፣ ቁምሳጥኑ በጭነት መኪና ተጫነ፤ ውሾቹ ግን ቀሩ። እነዚያ ውሾች እስከ ትናንት ድረስ የሚጠብቁት በር፣ ሌሊት የሚጮኹለት ግቢ ነበራቸው። ጎረቤቶቻችንን መውቀሴ አይደለም። ዕቃውን የት እንደሚያሳርፍ ያላወቀ ሰው ውሻ የት ያድርግ?

ከቀሩት አንዷ ቡናማ ሴት ውሻ ናት። ድሮ በሯ በነበረበት ቦታ፣ ፍርስራሹ ላይ ተኝታ ለወራት አልነቃነቅም አለች። ልጆቹ «ቀሪ» ብለው ስም አወጡላት። ትምህርት ቤት ቀሪ የሚባለው ያልመጣ ተማሪ ነው፤ የእኛዋ ያልሄደች ናት። እከኩ ጠጉሯን አራግፎት ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ገና ቡችላ ሳለች አንገቷ ላይ የታሰረ ሽቦ ደግሞ፣ እሷ ስታድግ እሱ አላደገምና፣ ሥጋዋን በልቶ ገብቷል። ቁስሉ ከሩቅ ይሸታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍንጫዬን ይዤ ከሚያልፉት ነበርኩ።

መጀመሪያ የደፈረው የአንድ ሕንፃ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ሽቦውን በፒንሳ ልቁረጥላት ብሎ ጎንበስ ሲል እጁን ነከሰችው። ያን ዕለት ማታ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። «አብዳለች፣ ትገደል» የሚለው ወገን በዛ፤ ድንጋይ ያነሡም ነበሩ። ሰውየው ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰድ ያለም አልጠፋም። ያዳነን የነርስ ጎረቤታችን ቁጣ ነው። መጀመሪያ የጥበቃውን እጅ ቧንቧ ሥር አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አጠበችው። ከዚያ ወደ ባለ ድንጋዮቹ ዞራ «ውሻዋን ከገደላችሁ ምስክሩን ገደላችሁ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቁ መውጣት የጀመረ ውሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰችው ውሻ ታስራ 10 ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። ወዲያው ከገደሏት ግን ይህ ማረጋገጫ አብሯት ይጠፋል። የተነከሰው ሰው ይህን ቀን እጁን አጣምሮ አይጠብቅም፤ የእኛ ጥበቃም በማግስቱ ክትባቱን ጀመረ። ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮ ክትባት የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች አብረውት ተሳቀቁ። እሱ ግን የተወጋው ክንዱ ላይ ነው።

እነዚያ 10 ቀናት መንደራችንን አስተዋወቁት ብል ማጋነን አይሆንም። ከተረፈ ቆርቆሮ ጎጆ መሰል ነገር ቀለስን። የዕድራችን ጸሐፊ የመዋጮ ወረቀቱን ገልብጠው ተራ አወጡ፤ ማን ጠዋት፣ ማን ማታ ያያታል የሚል። ሥጋ ቤቱ ቅንጥብጣቢ ሰጠ፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ እኅታችን ውኃ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፤ «በእጄ አልነካትም፣ በገንዘቤ ግን አለሁ» ብሎ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣውና ምሕረት ስላገኘው ሰው ነገረን። አንዲት እማማ በበኩላቸው የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች መሆናቸውን አስታወሱ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ ሲለዋወጡ አይቼ አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀሪ በላች፣ ጠጣች፣ ጅራቷን ቆላች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አደንዝዞ ሽቦውን አወጣላት፤ ለእከኩም አይቨርሜክቲን ወጋት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገማት። (በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን ዓይን የሚያሳውር በሽታ ለመከላከል ገበሬዎቻችን የሚውጡት መድኃኒት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቤል ተሸልመውበታል።) ከዚያ ክትባቱ ተሰጣት፣ እንዳትወልድም ተደረገች። ሐኪሙ የክትባት ካርዱን እየሞላ «የባለቤት ስም?» ሲል ሁላችንም ተያየን። እጁ ገና በፋሻ እንደ ተጠቀለለ «በእኔ ይጻፍ» ያለው የነከሰችው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ደግነታችንን ለማስመስከር አይደለም፤ ከመካከላችን ግማሹ ድንጋይ ይዞ ነበርና። የምጽፈው ከተማችን ለብዙ ዓመታት መፍትሔ አድርጋ ስለያዘችው መርዝ ነው። በሥጋ ተለውሶ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል፤ ደማቸው ደመ ከልብ ነው፣ የሚጠይቅ የለም። በሰው ዘንድ የለመዱት፣ ምናልባትም የተከተቡት ውሾች የቀረበላቸውን አምነው ይበላሉ፤ ቆሻሻ ገንዳው ግን ባለበት ስለሚቆይ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ መጥተው ቦታውን ይይዛሉ። በውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስርጭቱን ለመግታት የሚመክረው ደግሞ ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ሲባል በዙሪያው ያሉ የገጠር ውሾች ለዓመታት ተከትበዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ለቀበሮ የታሰበው ለካዛንችስ ልጆች ቢታሰብ ምን ይጎድላል?

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ሰፈር ሲነሣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የክፍሉ ብዛት ይመዘገባል፤ አንድ መስመር ተጨምሮ «ውሻ አለ ወይ?» ይባል። ያሉት ከመበተናቸው በፊት፣ ገና በባለቤቶቻቸው እጅ ሳሉ ይከተቡ። በባለቤቱ እጅ ያለ ውሻ በሁለት ደቂቃ ይወጋል፤ ከተበተነ በኋላ ምን እንደሚጠይቅ እኛ አይተነዋል።

ቀሪ አሁን ጠጉሯ በቅሏል፣ አንገቷ ላይ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። የምትተኛው ከጥበቃው ወንበር ሥር ነው። ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ግን ሌሎች ሁለት አሉ፤ አንደኛው ጥቁሩ ማንንም አያስጠጋም። ለእነሱ መዋጮ ጀምረናል። ገመዱና ጓንቱ እኔ ቤት ነው ያለው፣ የመጪው እሑድ ተረኛም እኔ ነኝ።

አንድ የካዛንችስ አካባቢ ነዋሪ
አዲስ አበባ