ባሕር ዳር ድረስ ለመጣችሁልን፣ እዚሁ ሆናችሁ ላዘጋጃችሁን

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ላደረሰን አምላክ ክብርና ምስጋና ይሁን።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የተዋንያን ምርጫ ተካሂዶ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የካስቲንግ (የተዋናይ መረጣ) ባለሙያዎች ሁለት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው አዩን። ከመካከላችን የተመረጡ አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ቀረጻው እስኪያልቅ ስለ ሥራው ላለማውራት ፈርሜ ስለነበር ነው። አሁን የእኔ ክፍል ተቀርጾ አልቋል። የድራማውን ስም ለመጥራት ጊዜው ገና ቢሆንም ለማመስገን ግን የሚከለክለኝ የለም።

ባለውለታዎቼ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስማችን እንዳይነሳ ብላችሁ አደራ ስላላችሁኝ የማንንም ስም አልጠራም። ያደረጋችሁትን ስታነቡ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ይህ ነገር ለእኛ ለምን ትልቅ እንደሆነ ከክልል ውጭ ያለ አንባቢ ላይገባው ይችላል። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ታላላቅ ቴአትር ቤቶችም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ፕሮዲዩሰሩም፣ ስቱዲዮውም፣ ኦዲሽኑም (ተዋናይ የሚፈተንበት ምርጫ) እዚያው ነው። ባሕር ዳር ተዋናይ አጥታ አታውቅም። በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ያደጉ፣ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና ከፀረ ኤድስ ክበብ የወጡ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ድራማ የተገሩ ልጆች ሞልተዋታል። ግን ኦዲሽን አለ ሲባል ሌሊት ተነስቶ፣ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ሁለት ደቂቃ ተውኖ መመለስ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም የለም። ብዙውን ጊዜ ወሬው ራሱ የሚደርሰን ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ሰው የሚያውቅ ይሰማል፤ የማያውቅ ቴሌቪዥን ላይ ያየዋል።

ጋሼ፣ ከእርስዎ ልጀምር። ዕድሜዎን በመድረክ ላይ ያሳለፉ ሰው ነዎት፤ ጡረታ ወጥተው ማረፍ ሲገባዎት ግቢዎን ከፍተው ማታ ማታ አስተማሩን። ሳንቲም አልተቀበሉንም። እንዲያውም እማማ ቡና ሳይጠጣ አይኬድም እያሉ እኛኑ ያስተናግዱን ነበር።

እኛ የመጣነው ከመድረክ ነው። መድረክ ላይ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች እንዲሰማ ድምፅ ይወጣል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ፊት ይናገራል። ካሜራ ግን አፍንጫችን ሥር ነው ያለው። እርስዎ ይህን በቃል አልነገሩንም፤ ስልክዎን አቁመው ቀረጹንና መልሰው አሳዩን። ቅንድባችንን ስናነሳ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ አጠገባችን ተቀምጠው «ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አሉ። የብዙዎቻችን ትወና የተለወጠው ያን ምሽት ነው።

ጽሑፍ ሲሰጡን እንኳ ወደ ሽምደዳ እንድንሮጥ አልፈቀዱም። ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው የመጣችው? ከማን ነው የምትፈልገው? ካጣችው ምን ይውጣታል? በሩን ከመክፈቷ በፊት የት ነበረች? እነዚህን ሳንመልስ አንድ መስመር አናነብም ነበር። በቃላችን ከያዝነው በኋላም ወረቀቱን ከእጃችን አላስጣሉንም፤ ሲጠፋን ወረድ ብለን አይተን እንድንቀጥል፣ ፍርሃት ላይ እንዳንወድቅ። በአንድ ዓይነት አወጣጥ እንዳንደርቅ ደግሞ ያንኑ ንግግር አንዴ እየሳቅን፣ አንዴ እንቅልፍ እያዳፋን፣ አንዴ ሽንኩርት እየላጥን ያስብሉን ነበር። የምርጫው ዕለት ካስቲንግ ዳይሬክተሯ አንድ ጊዜ ከሰሙኝ በኋላ «አሁን ደግሞ ልጅሽ አጠገብሽ ተኝቷል፤ እንዳይነቃብሽ» አሉኝ። ቃሉ ያው፣ ሁኔታው ሌላ። ተዋናይ የአዘጋጅ ትእዛዝ ይቀበል እንደሆነ የሚፈተነው በዚህ መሆኑን አስቀድመው ስላስተማሩን ደንግጬ አልቆምኩም። ከእርስዎ ግቢ የወጣነው ሁሉ አልቆምንም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ አነጋገራችን ያሉንን አልረሳም። ኦዲሽን ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ጎጃሜነታችንን ከአፋችን ላይ መጥረግ ነበር። የገጠር ሰው በድራማ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቂያ ነውና፣ ያደግንበትን ቅላጼ በማያውቁት ሰዎች አፍ ተጋንኖ እየሰማን አፍረንበታል። እርስዎ ሁለቱንም ልመዱ አሉ። ገጸ ባሕርይዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነች እንደ አዲስ አበባ ልጅ፣ የሜጫ ወይም የአቸፈር ሴት ከሆነች እንደ ራሷ። የእናታችሁን ቤት ንግግር ግን እናንተ ካልጠበቃችሁት ማን ይጠብቅላችኋል አሉ። እኔ የተመረጥኩበት ገጸ ባሕርይ ባላገር ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን «እናትሽ ቤት እንደምታወሪው በይው» ስባል ዓይኔ እንባ ያቀረረው ለትወናው አልነበረም።

የምርጫው ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት በቪዲዮ ማጣሪያ ነበረ፤ እያንዳንዱ አመልካች ራሱን ቀርጾ መላክ ነበረበት። እዚህ ላይ የማመሰግናቸው ሰዎች ሥራ ብዙም አይታይም፤ እነሱ ባይኖሩ ግን ጥር ላይ ማንም አያየንም ነበር። በሐይቁ በኩል ያለው የፔንሲዮን ባለቤት፣ እንግዳ ባጡበት ወቅት አንድ ክፍል ለቀቁልን። ግድግዳው ነጭና ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት። ድምፁ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን ከየቤታችን አምጥተን ሰቀልን። ስልኩ በቁመት ሳይሆን በአግድም፣ በዓይናችን ልክ እንዲሆን በርጩማ በበርጩማ ላይ ደረብን። ሰዓት መምረጥም ሌላ ፈተና ነበር። ንጋት ላይ የቅዳሴው ድምፅ አለ፤ ከረፈደ ባጃጁና ጄኔሬተሩ አለ። መሐል ላይ ያለችውን ጸጥታ ለእኛ ብለው የቤቱ ሠራተኞች ባልዲና ወንበር ሳያንኳኩ ያሳለፉልንን ጠዋቶች መቼም አልረሳም። እናንተ እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቪዲዮውን መላኩስ? ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰሞን ነበር። አንድ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ሌሊት ተረኛ በሆነ ቁጥር የአለቃውን ፈቃድ ጠይቆ በሆቴሉ ዋይፋይ ሲልክልን አደረ። ጥራቱ እንዳይወርድ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ እንዳለበት ያሳየንም እሱ ነው። ወንድሜ፣ ከአንተ ሌሊት ያተረፍነው ብዙ ነው።

ጊዮርጊስ አካባቢ ፎቶ ቤት ላለው ወንድማችንም ምስጋናዬ ይድረሰው። ለካስቲንግ የሚላክ ፎቶ የሠርግ ፎቶ አይደለም። ቆዳን ማለስለስ፣ ጌጥ መደራረብ፣ ከኋላ ፏፏቴ መለጠፍ የለበትም። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚታየው ፊትና ፎቶው ላይ ያለው ፊት አንድ መሆን አለባቸው። አንተ ይህን ሰምተህ ከጠባሳዬና ከጠቃጠቆዬ ጋር አነሳኸኝ፤ አንድ በቅርበት፣ አንድ ሙሉ ቁመና። ገንዘቡንም ሲደላችሁ ስጡኝ አልክ።

አሁን ስለ አንቺ፣ እህቴ። ካሜራ ፊት የሚቆም ተዋናይ ከሌንሱ ጎን ሆኖ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደረቅ ከሆነ ተዋናዩም ይደርቃል። አንቺ ለሁላችንም አነበብሽልን፤ ላንዷ እናት ሆነሽ፣ ላንዱ ባለዕዳ፣ ለእኔ ጥሎኝ የሄደ ባል። ድምፅሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ዓይኔ ወዳንቺ ይሳብ ነበር፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየው መስማቴ የእውነት መስማት ነው። አንቺ ራስሽ ለመጨረሻው ዙር አልተጠራሽም። እንደዚያም ሆኖ በሁለተኛው ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆመሽ የሚገቡትን ቃላቸውን ስታስጠኚ ዋልሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበል፤ ብድርሽን የምከፍልበትን ቀን ያሳየኝ።

እታለም፣ ለሴቶቹ ብቻ ብለው ቤትዎ ሰብስበው የነገሩንን ነገር ደግሞ በአደባባይ ልድገመው፣ ሌሎችም ይስሙት። እውነተኛ ኦዲሽን የመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠይቅም። ተዋናይን ለብቻዋ ማታ ሆቴል ክፍል አይጠራም። የፕሮዳክሽኑን ስምና የሚሠራውን ሥራ ሲጠየቅ አይቆጣም። አጃቢ ይዛ ብትመጣ ቅር አይለውም። ውል ሳይነበብ አይፈረምም፤ የቀረጻ ቀኑ፣ ክፍያውና ማደሪያው ተጽፎ ካልታየ ቃል ብቻውን አይበቃም። ከዚህ በፊት ገንዘብ ተቀብሎን የጠፋ ሰው ስለነበር የእርስዎ ምክር ቁስላችን ላይ ነው ያረፈው። እርስዎ በወጣትነትዎ ያለ መካሪ ያለፉበትን መንገድ ለእኛ ብርሃን አበሩበት፤ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ያመስግንዎት።

ከአዲስ አበባ የመጣችሁት እንግዶቻችን ሆይ፣ በተለይ እርስዎ ካስቲንግ ዳይሬክተሯ፣ እኛን ፍለጋ መምጣትዎ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ከመጀመርዎ በፊት ሁላችንንም ሰብስበው ሥራዎን አስረዱን። ስክሪፕቱን አንብበው ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚሆኑ ሰዎችን ፈልገው፣ ቀርጸው፣ ለአዘጋጁና ለፕሮዲዩሰሩ እንደሚያቀርቡ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእነሱ እንደሆነ ነገሩን። እናትና ልጅ የሚሆኑ ሰዎች መልካቸው መቀራረብ ስላለበት፣ ባልና ሚስት ዕድሜያቸው መግባባት ስላለበት፣ ጎበዝ ሆኖ መቅረት እንዳለ ሲነግሩን የብዙ ልጅ ትከሻ ቀለል ሲል አይቻለሁ። ለዓመታት «አልችልም ማለት ነው» ብለው የተቀመጡ ልጆች እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ።

ከዘጌ በጀልባ የመጣችው ልጅ መመለሻ እንዳታጣ ተራዋን አስቀደሙላት። ከሥራ ፈቃድ ያጣውን ልጅ ምሳ ሰዓታችሁን ትታችሁ አያችሁት። ላልተመረጡት ደግሞ ዝም አላላችሁም፤ ለእያንዳንዱ ምን እንደጎደለው ጻፋችሁለት። አንዱን ድምፅህ ጥሩ ነው ግን ሌላው ሲናገር አትሰማም፣ አንዷን ዓይንሽ ወደ ወለሉ ይሸሻል ብላችሁ። እነዚያ ወረቀቶች ዛሬም ጋሼ ግቢ ውስጥ እየተነበቡ ልምምድ ይሠራባቸዋል። ቪዲዮዎቻችንን ለሚቀጥሉት ሥራዎች እንደምታቆዩ ቃል ገብታችሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ለሌላ ሥራ ተጠርተዋል። ቃላችሁን ጠብቃችኋልና ክበሩልን።

አዳራሹን የሰጡንን፣ ወንበር የደረደሩትን፣ እንግዶቹን ሐይቁ ዳር ወስደው ዓሣ የጋበዙትን የሰፈራችንን ወጣቶች፣ ያለ ሂሳብ ያመላለሱንን ባለባጃጆች በአንድነት አመሰግናለሁ። እማዬ፣ ትወና እንጀራ አይሆንም ብለሽ ብትፈሪልኝም ለኦዲሽኑ የለበስኩትን ቀሚስ የራስሽን ከሳጥን አውጥተሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ካሜራ ላይም እሱን ነው የለበስኩት፤ የአልባሳት ባለሙያዋ አይታ ሌላ አያስፈልግም አለች።

በጋሼ ግቢ ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቀጥሏል፤ የፔንሲዮኑም ክፍል አልተዘጋም። ቪዲዮ መቅረጽ የምትፈልጉ ከእህቴ ጋር እየተፈራረቅን ከሌንሱ ጎን ቆመን እናነብላችኋለን። ጽሑፋችሁን ከሁለት ቀን በፊት ስጡን፣ አጥንተን እንድንመጣ።

አክባሪያችሁና ባለዕዳችሁ
ከባሕር ዳር