ቤት መቀየሬን ለሁሉም ነገርኩ፣ ከሎግ ቡኩ በቀር

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው ለንደን ውስጥ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። ጠዋት ስገባ ሻይዬን ይዤ መጀመሪያ የምከፍተው የእናንተን ገጽ ነው። ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጠበቆች ብዙ ጽፋችሁልናል። ቤት ስንቀይር የመኪናችን ሰነድ ላይ ያለውን አድራሻ ስለመቀየር ግን እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ ከራሴ ጉድ ልጀምርላችሁ።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ከቶተንሃም ወደ ክሮይደን ቤት ቀየርኩ። ለንደንን ለማያውቅ፣ ከሰሜን ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ ደቡብ መውረድ ማለት ነው። አድራሻዬን ለባንኩ ነገርኩ። ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ነገርኩ። ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ቀየርኩ፣ ለአሠሪዬ ነገርኩ፣ መንጃ ፈቃዴን እንኳ ኦንላይን ገብቼ አስተካከልኩና አዲሱ ካርድ ብዙም ሳይቆይ በፖስታ መጣልኝ። ወረቀት ላይ ሰነፍ ነኝና ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር።

የረሳሁት ሎግ ቡኩን ነው። ቪ5ሲ ይሉታል፤ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ሁለቱንም የሚያወጣው ያው ዲቪኤልኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ግን የመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ሌላ፣ የመኪናው መዝገብ ሌላ ነው። አንዱን ስትቀይር ሌላው አይቀየርም። «አብሮ የሚቀየር መስሎኝ ነው» ልላችሁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ጃንዋሪ 2024፣ ንጋት ላይ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ጭር ባለ መንገድ በሰዓት በ27 ማይል እየነዳሁ ነበር። ገደቡ 20 ነው። ድሮ 30 የነበሩ ብዙ የለንደን መንገዶች ዛሬ 20 ሆነዋል፤ ይህን ሰበብ አላደርገውም፣ ምልክቱ ቆሟል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ካሜራ እንዳነሳኝ ግን አላወቅኩም።

እዚህ አገር አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ሲይዝህ ፖሊስ በ14 ቀን ውስጥ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው በዚያ ቀን ማን ይነዳ እንደነበር ይጠይቃል፤ መልሱን በ28 ቀን ውስጥ ይፈልጋሉ። «እኔ ነኝ» ብዬ ብመልስ ኖሮ፣ በዚያ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የጥቂት ሰዓት ትምህርት ነው፤ ለትምህርቱ ከፍለህ ትማራለህ፣ መንጃ ፈቃድህ ላይ ምንም አይጻፍም። ባይሆን 100 ፓውንድና ሦስት ፖይንት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የሚጻፍ የጥፋት ነጥብ፣ ነው። በቃ፣ ያልቃል።

ደብዳቤው ግን ቶተንሃም ሄደ። ማስታወሻውም እዚያው ሄደ፣ የክሱም ወረቀት እንደዚያው።

አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆምሃል፣ ትለማመጠዋለህ፣ ይቆጣሃል፣ መንጃ ፈቃድህን ይቀበልና ወረቀት ይጽፍልሃል። ደስ አይልም፤ ግን መቀጣትህን ታውቃለህ። ያደግነው ደግሞ ደብዳቤ በየቤቱ በር በማይመጣበት አገር ነው፤ አድራሻችን «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነበር፣ ፖስታ ሳጥን ያለው መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ሁሉም ነገር፣ ክስ ሳይቀር፣ በበር ቀዳዳ ሾልኮ ወለል ላይ ይወድቃል። አንስተህ አነበብከው አላነበብከው የራስህ ጉዳይ ነው። እኛ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው ቤት የምንቀይረው? ዛሬ የጓደኛ ሳሎን፣ ነገ አንድ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ካውንስል የሰጠው ጊዜያዊ ቤት።

ነገሩን ያወቅኩት ከአስር ወር በኋላ ነው፣ ኢንሹራንስ ላድስ ስል። የመንጃ ፈቃዴን ቁጥር አስገባሁ፣ ዋጋው እጥፍ ሆኖ መጣ። ደወልኩ። ልጅቷ «ኤምኤስ 90 አለብዎት» አለችኝ። የምን ኤምኤስ 90? የማተሚያ ማሽን ስም መስሎኝ ነበር። ለካ «የነጂውን ማንነት አላሳወቀም» ማለት ነው፤ ስድስት ፖይንት። የኢንሹራንስ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ኮድ ሲያዩ ከፍጥነቱ ይልቅ ይፈራሉ፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ያስመስላል።

በነጋታው ቶተንሃም ሄድኩ። የድሮው ቤቴ ውስጥ አሁን ሌሎች ልጆች ይኖራሉ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ፖስታዬን አልጣሉትም፣ ኮሪደሩ ላይ ራዲያተሩ ሥር በጫማ ካርቶን አጠራቅመውልኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ከፈትኩት። ከፖሊስ ሁለት፣ ከፍርድ ቤት ሁለት፣ በመጨረሻ ከቤይሊፍ፣ ከቅጣት አስከፋዩ ማለት ነው፣ አንድ። ገቢዬን ስላልነገርኳቸው በሳምንት 440 ፓውንድ እንደማገኝ ገምተዋል፤ ቅጣቱ የዚያ አንድ ጊዜ ተኩል፣ 660 ፓውንድ። በላዩ ላይ 264 ፓውንድ ተጨማሪ ክፍያ። ከዚያ የክሱ ወጪ። ከዚያ የቤይሊፉ 75፤ እቤት ድረስ ከመጡ ሌላ 235። ለ27 ማይል!

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል አይደል? እዚህ ይገባል።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለና ልናገረው። ስድስቱ ፖይንት የተጻፈው መንጃ ፈቃዴ መዝገብ ላይ ነው። ያ መዝገብ ላይ ያለው አድራሻ የክሮይደኑ ነው! እኔው ራሴ አስተካክዬዋለሁ። ሊቀጡኝ ሲፈልጉ አገኙኝ፣ ሊጠይቁኝ ሲፈልጉ ግን አላገኙኝም። ሎግ ቡኩን አለማስተካከሌ ጥፋት ነው፣ ራሱን ችሎ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል፣ አልካድኩም። ግን ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ሲጠፋ፣ ሁለተኛውን ከመላክ በፊት ጎን ያለውን መዝገብ ማየት ምን ያህል ይከብዳል? በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ክስ የሚታየው ከ2015 ጀምሮ በመጣ አሠራር ነው፤ አንድ ዳኛ ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ይወስናል። ችሎት የለም፣ ተከሳሽም የለም። መልስ ካልሰጠህ በሌለህበት ያልቅልሃል።

የዚያን ሰሞን ቡና ላይ ይህን ሳወራ ምክር ጎረፈ። አንዱ «ዝም በለው፣ ይረሱታል» አለ። አይረሱም። ሌላው፣ ሲበዛ የተከበሩ ጋሼ ናቸው፣ «ወንድሜ ነበር የሚነዳው በልና እሱ ፖይንቱን ይውሰድልህ» አሉኝ። እባካችሁ ይህን እንዳታደርጉ። ክሪስ ሂዩን የሚባል፣ በኋላ የእንግሊዝ ሚኒስትር የሆነ ሰው፣ የፍጥነት ፖይንቱን ሚስቱ እንድትወስድለት አድርጎ፣ ከዓመታት በኋላ ነገሩ ወጣና በ2013 እሱም፣ ያኔ የተፋታችው ሚስቱም፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ወር ተፈረደባቸው። ሚኒስትር ያልተረፈበትን እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ልሞክረው?

መፍትሔው ሌላ ነበር፤ ይህን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ የጋና ሴት ናት። ስታቹተሪ ዲክላሬሽን ይባላል። «መከሰሴን አላውቅም ነበር» ብለህ በመሐላ የምትሰጠው ቃል ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርበህ ወይም ጠበቃ ፊት ትፈርማለህ። ካወቅክበት ቀን ጀምሮ ያለህ 21 ቀን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለምን እንደዘገየህ ማስረዳት ሊኖርብህ ነው። ቃሉ ተቀባይነት ካገኘ ፍርዱ ይሰረዛል፣ ክሱ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። ደብዳቤው ደርሶህ እያለ አልደረሰኝም ብለህ ከማልክ ግን እሱ ራሱ እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው። ይህን የምለው እንግሊዝና ዌልስ ላይ ነው፤ ስኮትላንድ ሌላ ሕግ አላቸው።

እኔ በአስራ ሁለተኛው ቀን ሄጄ ማልኩ። የጫማ ካርቶኑን ይዤ! ከወራት በኋላ ተጠራሁ፤ ሁለት ክስ ነበር ያለብኝ፣ አንዱ የፍጥነት፣ አንዱ የዝምታ። ፍጥነቱን አመንኩ፣ ሌላውን ከሳሹ አነሳው። ሦስት ፖይንትና ከወጪው ጋር ሁለት መቶ ምናምን ፓውንድ ሆኖ አለቀ። ትምህርቱ ግን አመለጠኝ፤ እሱ የሚሰጠው በጊዜው ለመለሰ ነው። ኢንሹራንሴም ወርዶ ወደነበረበት አልተመለሰም።

እኔ ቀለለልኝ። የምሰጋው ለአዲሶቹ ልጆች ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆንክ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደ ጀማሪ ተፈትነህ የእንግሊዙን ትይዛለህ። ታዲያ ፈተናውን ባለፍክ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ፖይንት ከሞላብህ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ጽሑፉንም ተግባሩንም እንደገና ትፈተናለህ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ነድተህም ቢሆን እዚህ አዲስ ነህ። አንዲት የጠፋች ደብዳቤ ብቻዋን ስድስት ፖይንት ናት፤ ልጁ ዴሊቨሪ ወይም ታክሲ የሚሠራ ከሆነ እንጀራው ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ስለ ቤት በምትጽፉ ቁጥር አንዲት መስመር ጨምሩልን። ሎግ ቡኩ በኦንላይን በነፃ ይቀየራል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው የሚጠይቀው። መንጃ ፈቃዱ ለብቻው ነው፣ እሱም በነፃ። የድሮው ቤት የሚመጣውን ፖስታ ወደ አዲሱ የሚያዞር አገልግሎትም አለ፤ እሱ ያስከፍላል፣ ከቅጣቱ ግን ይረክሳል። በስልክ «ቅጣት አለብዎ፣ እዚህ ይጫኑ» እያለ የሚመጣውን ደግሞ እንዳትነኩት፤ የፍጥነቱ ጥያቄ መጀመሪያ የሚመጣው በፖስታ ነው።

ይህን ካወጣችሁት ስሜን አትጻፉት። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ገጻችሁን ታነባለች፣ ፍርድ ቤት የሚለውን ካየች ታስሬ የወጣሁ ነው የሚመስላት።

አንባቢያችሁ፣ ከክሮይደን